ላይካ አልተመለሰችም፦ ስለ ጠፈር ውሾች በስህተት የሚወራው

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን የሩሲያ አኒሜሽን፣ የቤልካንና የስትሬልካን ፊልም ከልጆቹ ጋር ያየ ሰው ሁሉ «ለካ ላይካ በሰላም ተመልሳለች!» ይላል። ኧረ በጭራሽ! ላይካ ሌላ የሶቪየት ጠፈር ውሻ ናት፤ ደርሰው የተመለሱት ቤልካና ስትሬልካ ናቸው፤ እነሱም የበረሩት ኦገስት 19 ቀን 1960 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ላይካ ከእነሱ ሦስት ዓመት ቀድማ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1957 በስፑትኒክ 2 ሄደች። ሳተላይቱ ለጥቅምት አብዮት 40ኛ ዓመት እንዲደርስ በአንድ ወር ገደማ ተጣድፎ የተሠራ ስለሆነ መመለሻ የሚባል ነገር አልነበረውም። ላኪዎቿም ይህን እያወቁ ነው የላኳት።

«ለቀናት ኖራ ሳትሰቃይ ሞተች» የሚለውም የሶቪየት መግለጫ ያተረፈልን ወሬ ነው። ሮኬቱ ሲነሳ በደቂቃ 103 የነበረው የልብ ምቷ ወደ 240 አሻቀበ። ምሕዋር (መሬትን የምትዞርበት መንገድ) ከገባች በኋላ የሮኬቱ አካል ከሳተላይቱ አልላቀቅ አለ፣ የሙቀት መከላከያውም ተቀደደ፤ ክፍሉ ጋለ። ከተነሳች ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሕይወት ምልክቷ ጠፋ። እውነቱ በይፋ የተነገረው በ2002፣ ሂዩስተን ላይ በተደረገ ጉባኤ ነው። ልጅ ከጠየቀ «ሞታለች» ማለት ይሻላል፤ ዛሬ የተሸነገለ ልጅ ነገ ኢንተርኔት ላይ ያገኘዋል።

«ላይካ የመጀመሪያዋ የጠፈር ውሻ ናት»? ምሕዋር የገባች የመጀመሪያዋ ናት እንጂ ዴዚክና ጺጋን የተባሉ ውሾች በ1951 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥተው በሕይወት ወርደዋል።

«ዘራቸው የተመረጠ ውሾች ነበሩ»? የሞስኮ የጎዳና ውሾች ናቸው፤ ብርድና ረሃብ የለመዱ ተብለው ነው የተያዙት። ፊልሙ ቤልካን የሰርከስ ውሻ ያደረጋት ለታሪኩ ማሳመሪያ ነው። የሚፈለገው ክብደት ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ፣ ቀለሙም በካሜራ እንዲታይ ነጣ ያለ ነበር። ሴቶች የተመረጡትም የሽንትና የዓይነ ምድር መቀበያው ለእነሱ ስለሚመች እንጂ ጨዋ ስለሆኑ አይደለም።

መንኮራኩሩን ነድተዋል? አልነዱም፤ ታስረው ነው የሄዱት።

ስትሬልካ የወለደቻት ፑሺንካ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቤተሰብ መሰጠቷ ግን ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነት ነው፤ ዘመኑም 1961 ነው።

በፊልሙ እንደሚታየው ጉዞው ጨዋታ ብቻም አልነበረም። መሬትን ሲዞሩ አራተኛው ዙር ላይ ቤልካ ተንፈራገጠች፣ አስታወከችም። ሐኪሞቹ ይህን አይተው የመጀመሪያው ሰው ከአንድ ዙር እንዳያልፍ መከሩ፤ ጋጋሪን በኤፕሪል 1961 በ108 ደቂቃ የተመለሰው በዚሁ ምክር መሠረት ነው።