ስለ ኢንጂነር ታከለ ኡማ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ኢንጂነር ታከለ ኡማ አዲስ አበባን የመሩት ከሐምሌ 2010 እስከ ነሐሴ 2012 ዓ.ም ነው። ሁለት ዓመት ብቻ። ስለዚያ ጊዜ ግን ደጋፊውም ተቃዋሚውም እያምታታ የሚያወራው ብዙ ነው።

«እሳቸው ምክትል ነበሩ፤ ዋናው ከንቲባ ሌላ ሰው ነው።»
ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። ከእሳቸው በላይ ግን ከንቲባ አልነበረም። በከተማዋ ቻርተር ከንቲባ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው፤ ታከለ ደግሞ አባል አልነበሩም። የከተማው ምርጫም ተራዝሞ ነበር። ስለዚህ ቻርተሩ ተሻሻለና ምክትል ከንቲባ ከምክር ቤቱ ውጭ መሾም ተቻለ። የከንቲባው ወንበር ክፍት ሆኖ ሥራው በሙሉ ምክትሉ እጅ ገባ። የተኳቸው ወይዘሮ አዳነች አቤቤም የጀመሩት በዚሁ ማዕረግ ነው። ከንቲባ የሆኑት ከምርጫው በኋላ፣ መስከረም 2014 ላይ ነው።

«መሐንዲስ ስለሆኑ ፕሮጀክቱን ሁሉ ራሳቸው ነደፉት።»
ሲቪል ምህንድስና መማራቸው እውነት ነው። ከንቲባ ግን በጀት ያስይዛል፣ የቱ እንደሚቀድም ይወስናል። ንድፉ የባለሙያዎች ድርሻ ነው።

«የሸገር ፕሮጀክት የታከለ ሐሳብ ነው።»
የወንዝ ዳርቻ ልማቱን ያስጀመሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ናቸው። ግንቦት 2011 ላይ አንዱ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት «ገበታ ለሸገር» የተባለው የእራት ግብዣም የተሰናዳው ለዚሁ ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። በአንጻሩ የመስቀል አደባባይ እድሳት በታከለ ጊዜ ተጀምሮ 2013 ላይ፣ በወይዘሮ አዳነች ጊዜ ተመረቀ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ምረቃውን ብቻ ነው። ያሳዝነኛል።

«ከከተማው ሲነሱ ከመንግሥት ሥራ ወጡ።»
አልወጡም። የማዕድንና ነዳጅ ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ ጥር 2015 በሚኒስትርነት ቆይተዋል።

«የተማሪዎችን ምገባ የፈጠሩት እሳቸው ናቸው።»
ከዚያ በፊትም በጎ አድራጊዎች በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ያበሉ ነበር። በ2012 የትምህርት ዘመን የመጣው ለውጥ ሌላ ነው፦ ከተማው ራሱ ኃላፊነቱን ወሰደ። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምግቡ፣ ዩኒፎርሙና ደብተሩ በነፃ ሆነ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይህ ነው። በባዶ ሆዱ ክፍል የገባ ልጅ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው እንዴት ይታየዋል? ወላጅስ ልጁን እንዲያ ሲልክ ምን ይሰማዋል? ምገባው እሳቸው ከሄዱ በኋላም አልተቋረጠም።