«ዜናው ራሱ ያገኘኛል» የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

«ዜና ትከታተላለህ?» ብትሉት ብዙ ወጣት «ብዙም፤ ግን የሚያመልጠኝ ነገር የለም» ይላችኋል። ውሸቱን አይደለም። ቴሌቪዥን ባይከፍትም፣ የዜና ድረ ገጽ ፈልጎ ባይገባም፣ ትልቅ ነገር ሲፈጠር ስልኩ ላይ ይመጣለታል። ካልመጣም ጓደኛው ይልክለታል።

ይህ ስሜት በጥናቱ ዓለም ስም ወጥቶለታል፤ «ዜናው ያገኘኛል» ይባላል። ሆሜሮ ጊል ደ ሱኒጋ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ነው በሰፊው የታወቀው። ሦስት እምነቶች ተደርበው የሚፈጥሩት ነው። ስለ ዓለም በቂ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መፈለግ አያስፈልገኝም፤ የጎደለውን ጓደኞቼ ይሞሉልኛል።

ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ይቀናል። እኔ ግን አይመስለኝም። ፊዱ፣ ማለትም ማኅበራዊ ሚዲያ ስንከፍት የሚደረደርልን ገጽ፣ በእርግጥም ዜና ያመጣል። ጥያቄው ምን ያመጣል የሚለው ነው።

ፓርላማ ውስጥ ሁለት ፖለቲከኞች ሲጯጯሁ የሚያሳይ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ እንውሰድ። ያየው ልጅ ማን እንደጮኸ፣ ማን ማይክ እንደቀማ፣ ኮሜንት ላይ በማን እንደተሳቀ ያውቃል። የተጯጯሁበት ረቂቅ ሕግ ምን እንደሚል፣ ከጸደቀ ማንን እንደሚነካ ግን ቪዲዮው ውስጥ የለም። በማግስቱ ጉዳዩ ሲነሳ ልጁ ሐሳብ ይሰጣል። ለጨዋታው ይበቃዋል። እንደሚያውቅ የሚሰማው ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይፈልጋል? አሜሪካ ውስጥ እነዚያኑ ሰዎች በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ የጠየቀው የ2017ቱ ጥናትም ያገኘው ይህንኑ ነው። ዜናው ያገኘኛል የሚሉት መደበኛ የዜና ምንጮችን ይበልጥ ይሸሻሉ፤ የፖለቲካ እውቀታቸውም ከሌሎቹ ያንሳል።

ለጨዋታ ብሎ ዜና መከታተል ግን የዛሬ ልጆች ያመጡት ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 ኒውዮርክ ውስጥ የጋዜጣ አከፋፋዮች አድማ መትተው አብዛኛው የከተማው ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ያለ ለመደው ጋዜጣ ቀርቶ ነበር። በርናርድ በረልሰን የተባለ ተመራማሪ አንባቢዎቹን ምን እንደቀረባቸው ጠየቀ። «ቁም ነገሩ ቀረብን» አሉ። የትኛው ቁም ነገር ሲባሉ ግን ብዙዎቹ ለይተው መናገር አቃታቸው። የናፈቁት ልማዱን፣ ጊዜ ማሳለፊያውን፣ ሰው መሀል የሚያወሩትን ነገር ነበር። ሰው ከዜና የሚፈልገው ድሮም አንድ ነገር ብቻ አልነበረም።

የተለወጠው ሌላ ነው። ጋዜጣው የስፖርት ገጽ ለሚፈልገውም የፖለቲካውን ገጽ አብሮ ይሰጠዋል። ፊዱ ግን የሚያሳየን ከዚህ በፊት የነካነውን ዓይነት ነው። ለኳስ ቪዲዮ ላይክ የሚያደርግ ሌላ የኳስ ቪዲዮ ይመጣለታል። ፖለቲካ ገጾችን የሚከተል፣ አስተያየት የሚጽፍ፣ ስለ ምርጫ የሚያወሩ ጓደኞች ያሉት ደግሞ ትንታኔ ሳይቀር ይጎርፍለታል። ኬርስቲን ቶርሰን የተባለች ተመራማሪ ዜና እንዲሁ በአጋጣሚ አይደርስም፣ ሰው በራሱ ዱካ ይስበዋል የምትለው ለዚህ ነው። እንግዲህ «ዜናው ያገኘኛል» የሚለው በደንብ የሚሠራው ቀድሞውንም ፖለቲካ ለሚወደው ሰው ነው። ፍላጎት የሌለው ላይ የእውቀቱ ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል፤ የሚያስገርመው ክፍተቱ ለራሱ አይታየውም።

ሥዕሉ ግን ጨለማ ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ፍሌቸርና ራስመስ ኒልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት የአራት አገሮች ጥናት፣ ማኅበራዊ ሚዲያን ከዜና ውጭ ለሌላ ጉዳይ የሚጠቀሙ ሰዎች ጭራሽ ከማይጠቀሙት የበለጡ የኦንላይን ዜና ምንጮች እንደሚያገኙ አይተዋል። ውጤቱ የጎላው ደግሞ ወጣቶችና ለዜና ግድ የሌላቸው ላይ ነው። ከ2017ቱ ጥናት ጋር የሚጣረስ ይመስላል እንጂ አይጣረስም። ይኸኛው የለካው ስንት ምንጭ ዓይን ውስጥ እንደገባ ነው፤ የ2017ቱ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንደቀረ።