ጉንዳን ቆጠራ፦ በኩባያ፣ በወንፊትና በቱና

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ የተጣለ የዓሣ አጥንት አጠገብ ቁጢጥ ያለ ሰው ጉንዳን አያጣም። ስንት ዓይነት እንደሆነ ማወቁ ነው ሥራው። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ14,000 ይበልጣሉ። እኛ ሁሉንም «ጉንዳን» ብለን እናልፋለን፤ ሰልፍ ይዞ ሲወረን ደግሞ «ገብረ ጉንዳን»።

በጣም የተለመደው ወጥመድ ተራ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። አፉ ከመሬቱ እኩል እስኪሆን ይቀበራል። ውስጡ አልኮል ወይም ሳሙና ጠብ ያለበት ውሃ ይጨመራል፤ ሳሙናው ጉንዳኑ እንዳይንሳፈፍ ያደርጋል። ጀማሪ የሚሸወደው ጠርዙ ላይ ነው። የክብሪት እንጨት ያህል እንኳ ከአፈሩ ከፍ ካለ፣ ትናንሾቹ ዞረውት ይሄዳሉ።

ኩባያ የሚይዘው ከላይ የሚርመሰመሰውን ነው። ቅጠል ሥር ለሚኖሩት ወንፊት ያስፈልጋል። ከአንድ ካሬ ሜትር ላይ የረገፈው ቅጠል ተሰብስቦ ይነፋል፤ የወረደው በመረብ ተደርጎ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይንጠለጠላል። እየደረቀ ሲሄድ ጉንዳኖቹ ይወጡና ከታች ያለው አልኮል ውስጥ ይወድቃሉ። የዊንክለር ከረጢት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የታወቀ መመሪያ በ200 ሜትር መስመር ላይ፣ በየ10 ሜትሩ፣ 20 ናሙና ይውሰዱ ይላል። ኩባያውም ከረጢቱም 48 ሰዓት ይቆያሉ።

ከረጢቱ የሚዋጣለት እርጥብ የሐሩር ደን ውስጥ ነው። ብርድና ሙቀት በሚፈራረቁባቸው አገሮች፣ ቅጠሉ ስስና ደረቅ በሆነበት ቦታ፣ እምብዛም አይሰጥም። እዚያ ድንጋይ መገልበጥና የበሰበሰ ግንድ መፈልፈል ይሻላል፤ ያውም በሞቃቶቹ ወራት ብቻ።

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ ሥራ አያስፈታም። እዚህ ወሳኙ ዝናብ ነው። በበጋ ታቦር ተራራ ላይ ቅጠል የሚነፋ ሰው አቧራ ነው የሚቅመው። በክረምት ደግሞ ክዳን ያልተደረገለት ኩባያ በዝናብ ይሞላል።

ወረቀት ላይ ቱና ወይም ማር አድርጎ መጠበቅም አለ። ፈጣን ነው፤ ግን ጉልበተኛው ዝርያ ቀድሞ ይወርሰውና ሌላውን ያባርራል። ሐይቁ ዳር ደግሞ አባ ኮዳ አለ፤ ዓሣ አይቶ ዝም አይልም።

ቆጠራው ራሱ ዘዴ አለው። መኖሪያቸው አጠገብ የተቀበረ አንድ ኩባያ በመቶ የሚቆጠር ጉንዳን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የሚመዘገበው የጉንዳኑ ብዛት ሳይሆን ዝርያው በስንት ኩባያ ውስጥ እንደተገኘ ነው። በአንድ ኩባያ ብቻ የተገኙት ከበዙ፣ ገና ያልተያዙ አሉ ማለት ነው። ያኔ ዶማውን አንስቶ እንደገና መቆፈር ነው።