ኩላሊት ራሱን እንዴት ይሠራል? ከደሴ የተጻፈ ዳሰሳ

ወሎ ውስጥ ለአረፋም ይታረድ ለፋሲካ፣ የበጉ ኩላሊት ቀድሞ እሳት ላይ ጣል ይደረጋል። ልጆች ይሻሙበታል። እስኪ በሚቀጥለው በዓል ከመጠበሱ በፊት ከሞራው ፈልቅቃችሁ ቁመቱን ለሁለት ሰንጥቁት። ዳር ዳሩ ቀይ ቡናማ ነው። ወደ መሃል ስትሄዱ ጭረት ጭረት ያለው ሥጋ ታያላችሁ፤ ጭረቶቹም ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያዘነብላሉ። እነዚያ ጭረቶች ቱቦዎች ናቸው። ቦርከና ከየተራራው የሚወርዱ ጅረቶችን እየሰበሰበ ኮምቦልቻን አልፎ እንደሚወርደው፣ እነሱም ሽንትን ከብዙ ቀጫጭን መንገዶች ሰብስበው ወደ አንድ መውጫ ያወርዱታል። የበሬ ኩላሊት ደግሞ ለየት ይላል፤ ጉብታ ጉብታ አለው። የሰው ልጅም በእናቱ ሆድ ሳለ ኩላሊቱ እንደዚያው ጉብታ ጉብታ ነው። የሚለሰልሰው ከተወለደ በኋላ ነው።

ይህን ቅርጽ ማን ሠራው? ሳይንቲስቶችስ ላብራቶሪ ውስጥ ሊደግሙት ሲሞክሩ የት ደረሱ? በዚህ ጥያቄ ላይ ሦስት የምርምር መስኮች ይገናኛሉ፤ የኩላሊት አፈጣጠር ጥናት፣ የኅብረ ሕዋስ ምሕንድስና (የአካል ክፍልን ከሴል የማብቀል ሙያ) እና ሲንተቲክ ባዮሎጂ (በሴል ጂን ላይ አዲስ ትእዛዝ የመጻፍ ሙያ)። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው። ኩላሊትን ከውጭ ቆሞ የሚገነባ ግንበኛ የለም። ሴሎቹ ራሳቸው ተጠራርተው፣ ተነጋግረው ነው የሚሠሩት። ጅጌ (ደቦ) የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በመጀመሪያ ሥራውን እንይ። አንድ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን የሚባሉ ማጣሪያዎች አሉት፤ ከሰው ሰው ግን በጣም ይለያያል። አንዱ ሁለት መቶ ሺህ ገደማ ብቻ ይኖረዋል፣ ሌላው ከሁለት ሚሊዮን ያልፋል። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘጠኝ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ነው፤ የቀረው ተመርጦ ወደ ደም ይመለሳል። ጨዉ፣ ስኳሩ፣ ውሃው፣ ሁሉም በልክ በልኩ። የደም ግፊትን የሚያስተካክለው፣ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት መልእክት የሚልከውም ይኸው ኩላሊት ነው። መጽሐፉ «ልብንና ኩላሊትን ይመረምራል» ሲል ኩላሊትን ከልብ እኩል ያስቀመጠው ያለ ነገር አይመስለኝም።

ጉዳዩ ለእኔ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። አጎቴ ኩላሊታቸው ከደከመ ሦስት ዓመት አልፏል። መጀመሪያ የሄዱበት ቦታ ጨጓራ ነው ብሏቸው ወራት ባከኑ፤ ግፊታቸው ከፍ እንዳለ እንኳ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። አሁን እጥበት ላይ ናቸው። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱ አራት ሰዓት። ለዚህ ብለው ቤታቸውን ትተው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው አዲስ አበባ ክፍል ተከራይተዋል። ግራ ክንዳቸው ላይ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን አገናኝተው የሠሩላቸው መስመር አለ። ጣት ሲያስቀምጡበት እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል። «ይኸው እየሠራ ነው» ይሉኛል እጄን ይዘው። ንዝረቱ ከጠፋ ችግር አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ በየጠዋቱ ከመነሣታቸው በፊት ይዳስሱታል።

የእጥበት ማሽንን ለሰው ሥራ ያበቃው ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943፣ አገሩ በናዚ ጦር ተይዛ ሳለች (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም፣ ከድርቆቹ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የቋሊማ መጠቅለያ የሚሆነውን ሴሎፎን ከበሮ ላይ ጠምጥሞ የታማሚውን ደም አሳለፈበት። ከዚያ በ1954 ጆሴፍ መሬይ ቦስተን ውስጥ ከአንድ መንትያ ወደ ሌላው ኩላሊት ተከለ፤ መንትዮቹ ፍጹም ተመሳሳይ ስለነበሩ ሰውነት አልገፋውም። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ የተካሄደው በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ሁለቱም መንገድ ሕይወት ያድናል። ግን እጥበቱ የኩላሊትን ሥራ በከፊል ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ለንቅለ ተከላው ደግሞ ለጋሽ ያስፈልጋል። በየቤተሰቡ «ማን ይስጥ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። ሳይንቲስቶቹን ወደ ሦስተኛው መንገድ የገፋቸው ይህ ነው፤ አዲስ ኩላሊት ማብቀል።

ለማብቀል ግን ተፈጥሮ እንዴት እንደምትሠራው ማወቅ ያስፈልጋል። የሚገርመው፣ ፅንሱ ኩላሊት የሚሠራው አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ብቅ ብሎ ይጠፋል። ሁለተኛው ትንሽ ይሠራና ይከስማል፤ ከሱ የተረፈው ቱቦ በወንዶች የዘር ፈሳሽ መተላለፊያ ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው ነው የኛ ኩላሊት የሚሆነው፣ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል።

እንዴት እንደሚጀምር ልብ በሉ። በአንድ በኩል ከቱቦ ላይ የበቀለች ትንሽ ቡቃያ አለች። በሌላ በኩል የተሰበሰቡ ሴሎች አሉ። ሴሎቹ ጂዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይረጫሉ፤ ቡቃያዋ አርኢቲ በሚባል ተቀባይ ትሰማዋለች። «ቡና ጠጡ!» ተብሎ ከአጥር ማዶ እንደሚጠራ ጎረቤት ነው። ቡቃያዋ ጥሪውን ተከትላ ትሄዳለች፣ ስትደርስም ለሁለት ትከፈላለች፣ እያንዳንዷ እንደገና ለሁለት፣ እንዲህ እያለች የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ የቱቦ መረብ ትሠራለች፤ በበጉ ኩላሊት ውስጥ ያየናቸው ጭረቶች ብዙዎቹ የዚህ ዛፍ ቅርንጫፎች ናቸው። ጥሪው ከሌለ ኩላሊት የለም። በአይጥ ላይ ጂዲኤንኤፍን የሚያዘውን ጂን ሲያጠፉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግልገሏ ያለ ኩላሊት ነው የምትወለደው።

ቡቃያዋም ዝም አትልም። ዊንት የተባሉ መልእክቶችን ትመልሳለች። ይህን ሲሰሙ አንዳንዶቹ ሴሎች ይጠጋጉና ትንሽ ኳስ ይሆናሉ፣ ኳሷ ተጣጥፋ እንደ እባብ ትጠማዘዛለች፣ አንድ ጫፏ ከቱቦው ጋር ይገጥማል፣ ሌላው ጫፏ የደም ሥር ይቀበላል። አንድ ኔፍሮን ተወለደ። የቀሩት ሴሎች ደግሞ እየተባዙ ለሚቀጥለው ዙር ይጠብቃሉ። ይህ ንግግር በሁለት ወገን መሆኑን ክሊፎርድ ግሮብስታይን በ1950ዎቹ አሳይቷል፤ ሁለቱን ወገኖች ለያይቶ፣ በመካከላቸው ቀጭን ማጣሪያ እያደረገ።

ጅጌው የሚበተንበት ቀን ግን አለው። እስከ 36ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ የጠባቂዎቹ ሴሎች ስንቅ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ኔፍሮን አይሠራም። ተወልደን የምንኖረው በዚያን ጊዜ በተቆጠረልን ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም እናቱ በረሃብ ያረገዘችው ልጅ ብዙ ጊዜ ያነሰ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ሲያድግም ለደም ግፊትና ለኩላሊት ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል። በኛ አቆጣጠር የ1966ቱን እና የ77ቱን ድርቅ ያሳለፈ አገር ሰው ይህን ሲያነብ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። እኔም ቆም አልኩበት።

ወደ ላብራቶሪው እንግባ። ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ጄሚ ዴቪስና ባልደረባው በ2010 አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳዩ። የአይጥ ፅንስን ኩላሊት ወስደው ሴል በሴል በታተኑት፤ ጨርሶ ቅርጽ የለሽ። ከዚያ ሴሎቹ እንዳይሞቱ የሚያደርግ መድኃኒት ጨምረው መልሰው አከማቹአቸው። በቀናት ውስጥ ሴሎቹ ቱቦውም ኔፍሮኑም ወደየቦታው ተለይቶ እንደገና ኩላሊት መሥራት ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም።

በሌላ በኩል ሺንያ ያማናካ በ2006 ከአይጥ፣ በ2007 ከሰው የተወሰደን ተራ ሴል፣ ለምሳሌ የቆዳ ሴል፣ ወደ ግንደ ሕዋስነት መመለስ ቻለ፤ ማንኛውንም ዓይነት ሴል ወደ መሆን ወደሚችልበት ልጅነቱ ማለት ነው። ይህ በር ከተከፈተ በኋላ የጃፓኑ ኩማሞቶ ቡድን በ2014፣ የሜልበርኑ የሜሊሳ ሊትል ቡድን ደግሞ በ2015 ከሰው ግንደ ሕዋስ ኔፍሮን ማብቀል እንደሚቻል አሳዩ። ኦርጋኖይድ ይሉታል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል፣ የፅንስ ኩላሊት የምትመስል ነገር። ጠቀሜታዋ ቀላል አይደለም። መድኃኒት ኩላሊት ይጎዳ እንደሆነ ይሞከርባታል፣ በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ሕመም ይጠናባታል፣ በ2020 ኮሮናን ለማጥናትም አገልግላለች። ኩላሊት ግን አይደለችም። የራሷ በቂ የደም ሥር የላትም፣ ዕድሜዋ ከፅንስነት አያልፍም፣ የማትፈለግ የነርቭና የጡንቻ ሴል ይገባባታል። ዋናው ችግር ደግሞ ሽንቱ መውጫ የለውም። ቦርከና የሌላቸው ጅረቶች እንደማለት ነው።

ሲንተቲክ ባዮሎጂ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሴሎች በተፈጥሮ ከሚያውቁት ውጭ አዲስ ትእዛዝ በጂናቸው ላይ መጻፍ። ነገሩ ሩቅ አይምሰላችሁ። በ1982 ገበያ የወጣው የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ የተመረተ ነው። ከሚሴና ጨፋ ወባ የያዘው ሰው የሚውጠው ኮአርተም መሠረቱ አርቴሚሲኒን ነው፤ የዚህን መነሻ አሲድ እርሾ እንዲያመርት ያደረጉት በ2006 ነው። በሴሎች ቅርጽ ላይ ደግሞ የዴቪስ ቡድን በ2016 ሁለት ዓይነት ሴሎችን የተለያየ «ሙጫ» እንዲያወጡ አድርጎ ቀላቀላቸው። ተመሳሳዩ ተመሳሳዩን እየፈለገ እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር ሆኑ። በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ የዌንደል ሊም ቡድን ሴሎች ሲነካኩ አንዱ ለሌላው ትእዛዝ እንዲሰጥ አድርጎ ድርብርብ ኳሶች አስገኘ። ዝንጉርጉር ንጣፍ ኩላሊት አይሆንም፤ ግን ነገ ለኦርጋኖይዷ መውጫ ቱቦ ወዴት እንደሚበቅል የሚነግር ትእዛዝ በዚሁ መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ለእኔ ከሁሉም ተስፋ የሚሰጠኝ ክፍል ይህ ነው።

አንድ የኛን ነገር ጣል ላድርግ። በምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ሰዎች ዘንድ አፖኤል1 የሚባል ጂን ሁለት ዓይነት ለውጦች ይበዛሉ፤ በፄፄ ዝንብ ከሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ ይከላከላሉ፣ በዚያው ልክ ለኩላሊት ሕመም ያጋልጣሉ። በ2011 የወጣ ጥናት በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ላይ እነዚህን ለውጦች አላገኘም። «የአፍሪካ ኩላሊት» የሚባል አንድ ነገር የለም ማለት ነው። የኛ ሰው ሴል በነዚህ ምርምሮች ውስጥ መኖር አለበት ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው።

በዚህ መሃል ሌላ መንገድ ቀድሞ ደርሷል። መጋቢት 2024 ላይ ቦስተን ውስጥ 69 የጂን ለውጥ የተደረገበት የአሳማ ኩላሊት ለአንድ ታማሚ ተተከለ። ሠራም። ታማሚው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ አረፉ፤ ሆስፒታሉ ሞታቸው ከንቅለ ተከላው የመጣ ስለመሆኑ ምልክት አላየሁም ብሏል። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ዝም አሉ። ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም አሳማ አይበላም። መብላትና መታከም አንድ ነው ወይ የሚለውን ሸሆቹና ካህናቱ ይመልሱት።

«ከራሴ ቆዳ ይበቅላል ያልከኝስ?» አሉኝ ቆይተው። ከኦርጋኖይድ ተሠርቶ ለሰው የተተከለ ኩላሊት እስካሁን የለም፤ እሱንም እንዳለ ነገርኳቸው። ክንዳቸውን ዳሰስ አደረጉና፣ የሐሙሱ መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው ብለው ጠየቁኝ።