«ጓደኛሽ አይደለሁም እንዴ? ቀንሺልኝ!» እና ሌሎች ትንንሽ ነጋዴዎችን የሚያከስሩ አመለካከቶች

ሥራዬ የሰው ደብተር ማገላበጥ ነው። ባልትና ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ፀጉር ቤት፣ ሁለት ጀበና ቡና፣ ሁለት ጫማ ሠሪ። ሁሉም ትንንሽ ነጋዴዎች ናቸው፣ ሂሳባቸውን እኔ እይዛለሁ። ሰው ሁሉ «የሰፈራችንን ልጆች እናበርታ» ይላል። ጥሩ ነው። ግን ወር ሲያልቅ ቁጭ ብዬ ስደምረው ብርታቱ ደብተሩ ላይ የለም። እንዲያውም አንዳንዱ ኪሳራ የመጣው ከሚያበረታቱት ሰዎች ነው። ስለዚህ ዛሬ ልናገረው።

«ጓደኛ ነኝ፣ ስለዚህ ቅናሽ ይገባኛል»

ከዚህ የምጀምረው በጣም ያንገፈገፈኝ ይሄ ስለሆነ ነው። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ የምታሠራ ደንበኛ አለችኝ። አንዱን ቀሚስ 6,000 ብር ትሸጣለች። ሸማው 3,300፣ ጥለቱና ክሩ 800፣ ለሰፊው 1,000 ይሄዳል፤ ኪራዩንና ትራንስፖርቱን ለየቀሚሱ ሳካፍለው 300 ይደርሳል። ለእሷ የሚቀራት 600 ብር ነው። ታዲያ አብሮ አደግ ትመጣና «ለእኔማ አሥር ፐርሰንት ትቀንሻለሽ» ትላለች። የ6,000 አሥር ፐርሰንት ስንት ነው? 600! ጓደኛ ተብዬዋ የጠየቀችው ትንሽ ቅናሽ መስሏታል፣ የወሰደችው ግን ሙሉ ትርፉን ነው። ደንበኛዬ ሦስት ሳምንት ሸማኔና ሰፊ ጋ ስትመላለስ የከረመችው በነፃ ነው ማለት ነው።

ያቺው ጓደኛ ሱፐርማርኬት ስትገባ ከካሸሯ ጋር አትከራከርም። የተጻፈውን ከፍላ፣ መያዣ ከረጢቱንም ገዝታ ትወጣለች። ለመከራከር የምትደፍረው የምታውቃት ሴት ሱቅ ስትገባ ብቻ ነው።

ከቅናሹ የሚብሰው ደግሞ ዱቤ ነው። «ወር ሲወጣ እሰጥሻለሁ እትዬ» ይባላል። የአንዲት ባልትና ሻጭ የዱቤ ደብተር አንድ ጊዜ ደመርኩት፣ 41,000 ብር ወጣ። መሥሪያ ካፒታሏ በጠቅላላው 70,000 ነው። አዲስ በርበሬ ገበያ ገብቶ ሁሉም ሲያከማች እሷ መግዣ አልነበራትም። ብሯ ጎረቤት ቤት፣ ወጥ ሆኖ ተበልቷል። ከሁለት ወር በኋላ በተወደደ ዋጋ ገዛች፣ ዋጋ ስትጨምር ደግሞ እነዚያው ባለዱቤዎች «እሷም እንደ ሌላው ሆነች» አሏት። እኔ እዚያው ተቀምጬ እየሰማሁ ነበር።

መደገፍ ከፈለጋችሁ ሙሉውን ዋጋ ክፈሉ፣ ያውም በዕለቱ። ልብስ ስታሠሩ ቀብድ ስጡ፣ ግማሹ ቢሆን ይመረጣል፣ ከዚያ ልኬት ሰጥታችሁ አትጥፉ። ቅር ያላችሁ ነገር ካለ ቲክቶክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ለብቻዋ ንገሯት። ብር ካልያዛችሁ አትግዙ፣ ግን የሚገዛ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ለሠርግ አሥራ ሁለት ሚዜ የሚያለብስ ሰው ማምጣት የዓመት ላይክ ይበልጣል። ላይኩንም አድርጉት፣ አይጎዳም፤ ኪራይ ግን አይከፍልም።

«ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ጎረቤት ጠላት ነው»

መርካቶ ሄዳችሁ አታውቁም? ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ የተባለው እኮ አንድ ዓይነት ነጋዴ አንድ ላይ ስለተደረደረ ነው። ገዢው ሩቅ ድረስ የሚመጣው ምርጫ አገኛለሁ ብሎ ነው። የጠየቃችሁት የጫማ ቁጥር ከጠፋ ልጁ ሮጦ ከጎረቤት ሱቅ ያመጣላችኋል፣ ሂሳቡን ማታ ይተሳሰባሉ። ብቻውን ጥግ ላይ የከፈተው ነው የሚቸገረው።

«እቁብ ብር ያበዛል»

አያበዛም። ሃያ ሰው በሳምንት 1,000 ብር ቢጥል፣ ዕጣ የደረሰው 20,000 ይወስዳል፣ እሱም በጠቅላላው የሚጥለው 20,000 ነው። መጀመሪያ የወጣለት ወለድ የሌለው ብድር አገኘ፣ መጨረሻ የደረሰው ቆጠበ፤ ዕቃ በተወደደበት ዘመን ደግሞ የመጨረሻው ትንሽ ይጎዳል። የእቁብ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ባንክ የቤት ካርታ ሲጠይቅ እቁብ ዋስና ስም ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ምንም የሌላት ጉሊት ቸርቻሪም ትገባበታለች። ምክሬ? ዕጣው ሲወጣ ፍሪጅ አትግዙበት። ዕቃ ሙሉበት።

«ስማርት ስልክ የሌለው በቴሌብር አይሸጥም»

*127# ብላችሁ ደውሉ። ባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል። አለቀ።

«ከአካል ጉዳተኛ መግዛት ጽድቅ ነው»

አንዱ ጫማ ሠሪ ደንበኛዬ በክራንች ነው የሚሄደው። ሰው ሶል ያስቀይርና «መልሱን ያዘው ወንድሜ» ይለዋል፣ ፊቱን አዘን አድርጎ። እሱ መልሱን ቆጥሮ ይመልሳል፣ አንዳንዱም ይቀየማል። የሚያስቸግረው የሳንቲም እጥረት አይደለም፣ ደረጃ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። እሱ ግን የመሥሪያ ቦታ ዕጣ ሲወጣለት ሦስተኛ ፎቅ ደረሰው፣ ሊፍት በሌለበት። ሄዶ አመለከተ፣ «ዕጣ ነው፣ ምን እናድርግ» ተባለ። ወር ሙሉ ቆዳና ሙጫ በትከሻው ተሸክሞ ወጣ።

በመጨረሻ ቦታ የቀየረለት ምድር ቤት የደረሰው ሌላ ጫማ ሠሪ ነው። ያውም ሥራቸው አንድ ዓይነት! «እኔ እግር አለኝ፣ ውጣ ውረዱን እችለዋለሁ» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። አሁን ፎቅ ላይ ስፌቱን እሱ ይሠራል፣ ምድር ላይ ደንበኛ ተቀባዩ የእኔ ሰው ነው፤ ትእዛዝ ሲበዛ ይካፈላሉ። የሁለቱንም ደብተር እኔ እይዛለሁ፣ ምድር ቤት ያለው ሰው ገቢ በማግኘቱ ፎቅ ላይ ያለው ያጣው ነገር አልታየኝም።

ባለፈው ሳምንት ሶል ላስቀይር ሄድኩና 400 ብር አለኝ። «ለእኔም?» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት፣ ከፈልኩ።