የሠራተኛ ቅነሳ ምንድን ነው? መደብር ሲጠብ የሻጩ መብት

ፒያሳ ወይም ቦሌ መንገድ ላይ ሦስት ፎቅ ይዞ ልብስ፣ ጫማ፣ ሽቶና የቤት ዕቃ በየክፍሉ የሚሸጥ መደብር አንዱን ፎቅ ለሕንፃው ባለቤት ሲመልስ ሠራተኛው «ተቀነስን» ይላል። «ቅነሳ» በሕግ የራሱ ትርጉም አለው። ሠራተኛው አጥፍቶ ሳይሆን በድርጅቱ በራሱ ምክንያት፣ በርከት ያሉ ሠራተኞች ሲሰናበቱ ነው ቅነሳ የሚባለው። ከዲሲፕሊን ስንብት ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ በስንብት ደብዳቤው ላይ የጥፋት ቃል መግባት የለበትም።

ብዛቱን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 29 በቁጥር ወስኖታል። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው፣ ከዚያ በበለጠ ትልቅ ድርጅት ቢያንስ ከመቶ 10 መሆን አለበት። 80 ሠራተኛ ላለው መደብር 8 ሰው ማለት ነው። የሠራተኛው ቁጥር የሚወሰደው በዕለቱ ካለው ሳይሆን ከቅነሳው በፊት በነበሩት 12 ወራት ከነበረው አማካይ ነው። ስንብቱም ከ10 ተከታታይ ቀናት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ የተደረገ መሆን አለበት። አንዳንድ አሠሪ በዚህ ወር ሦስት፣ በሚቀጥለው ወር ሦስት እያለ የሚያሰናብተው ከዚህ ቁጥር ለመሸሽ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ተሰናባች ስምና ቀን በአንድ ወረቀት ላይ መዝግቦ መያዝ ትልቅ ማስረጃ ይሆናል።

ምክንያቱስ? አዋጁ ከሚቀበላቸው ውስጥ የሥራው በከፊል ወይም በሙሉ ለዘለቄታው መቆም፣ የገበያ መቀነስና የአሠራር ወይም የቴክኖሎጂ ለውጥ ዋናዎቹ ናቸው። በአሜሪካ ሜሲስ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ 150 ያህል መደብሮችን እስከ 2026 መጨረሻ እንደሚዘጋ ሲያሳውቅ፣ በእንግሊዝ ደበናምስ በ2021 የመጨረሻ መደብሮቹን ሲዘጋ፣ አብሮ የሚነሣው የኢንተርኔት ግብይት ነበር። የመሀል አዲስ አበባ ነገር ሌላ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ፒያሳና አካባቢው ፈርሰው ብዙ ሱቅ ተነሥቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ናረ። ሸማቹ እጁን ሲሰበስብ መጀመሪያ ባዶ የሚሆነው የላይኛው ፎቅ ነው።

ማን ቀድሞ ይውጣ የሚለው ለሱፐርቫይዘሩ ውዴታ የተተወ አይደለም። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። የሥራ ችሎታና ከፍ ያለ ምርታማነት ያላቸው ይቆያሉ። በዚህ እኩል ከሆኑ አጭር ጊዜ ያገለገለው፣ ቀጥሎም ጥቂት ጥገኛ ያለው ይቀድማል። በሥራ ላይ ጉዳት አካል ጉዳተኛ የሆነ፣ የሠራተኛ ተወካይና ነፍሰ ጡር ሴት መጨረሻ ላይ ናቸው። መደብር ውስጥ «ምርታማነት» የሚለካው በሽያጭ መዝገብ ነው። የካሽ ሬጅስተሩ ሪፖርት በካሸሯ ስም ብቻ የሚወጣ ከሆነ ዕቃውን ያሳየውና ያሳመነው የወለል ሻጭ በመዝገብ የለም። በእኛ እምነት ብዙ ጎበዝ ሻጭ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ የየዕለት ሽያጩን በደብተር ይዞ ሱፐርቫይዘሩን ማስፈረም ይጠቅማል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ካልተሰጠው የዚያን ጊዜ ደመወዝ ይከፈለዋል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይታከላል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ስንብቱ ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይጨመራል። የቀን ደመወዟ 200 ብር የሆነና 6 ዓመት ያገለገለች ሻጭ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሪው አምስት ዓመት 10,000፣ በቅነሳው 12,000፣ በጠቅላላው 28,000 ብር ይደርሳታል። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተለውጦ ለብቻው ይከፈላታል። ኮሚሽን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የትራንስፖርት አበል ግን እንደ ደመወዝ አይቆጠሩም። ትንሽ መነሻ ደመወዝና ትልቅ ኮሚሽን ያለው ሻጭ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ሲያዝን ማየት የተለመደ ነው።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ነው። «ክሊራንስ ለመጨረስ ብቻ ነው» ተብሎ ይቀርባል። የፈረመበት ሠራተኛ የ60 ቀኑን ጭማሪ ያጣል፣ ሌላውንም ክፍያ አደጋ ላይ ይጥላል። ሌላው የቆጠራ ጉድለት ነው፦ መደብሩ ሲጠብ ዕቃ ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲጋዝ የሚጠፋው በሻጩ ስም ይጻፋል። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ ክፍሉ ከመፍረሱ በፊት ቆጠራው በሁለት ወገን ፊርማ ይደረግ።

ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ክፍያው መፈጸም አለበት። ካልተፈጸመ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት ሊያስከፍል ይችላል። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር፣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። «ቆይ፣ እንከፍልሃለን» እየተባለ የሚያልፈውም ጊዜ ይኸው ነው። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

የቀሩትም እፎይ አይሉም። አንዷ ካሸር የሁለቱን ሥራ ደርባ እስከ ምሽት ስትቆይ፣ ከ8 ሰዓት በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት ነው፤ ቀን 1.5፣ ማታ 1.75 ጊዜ ተባዝቶ ይከፈላል፣ በሳምንትም ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የተመለሰው ፎቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአሉሚኒየምና በመስታወት እየተከፋፈለ ለትንንሽ ነጋዴዎች ይከራያል። የቀድሞዎቹ ሻጮች እዚያው ወለል ላይ፣ ለሌላ ሰው፣ ያለ ውል ይቀጠራሉ፤ የአገልግሎት ዘመናቸውም ከዜሮ ይጀምራል። አዋጁ ለእነዚህም ይሠራል። የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና ውሉ የሚቆይበትን ጊዜ የያዘ የተፈረመ ወረቀት መስጠት አለበት።