ተፈናጣጭ ሻንጣ አይደለም፦ ጥንዶች በሞተር ኮረኮንች ሲጓዙ፣ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እኔና ባለቤቴ ከአስፋልት ወጥተን በጠጠር፣ በአሸዋና በጭቃ ብዙ መንገድ አብረን ሄደናል። አንዳንዴ በአንድ ሞተር፣ አንዳንዴ በሁለት። ከመነሳታችን በፊት ከሰማነው ምክር ግማሹ ስህተት ነበር። ዛሬ መለስ ብዬ ሳየው ብዙው ስህተት ከአንድ ቦታ ይነሳል። ከሁለቱ ሰዎች አንዱን ተጓዥ፣ ሌላውን ጭነት አድርጎ ከማየት።

«ለሁለት ሰው ትልቅ ሞተር ግድ ነው»

በአንድ ሞተር ለመሄድ ከወሰናችሁ አቅም ያለው ሞተር ያስፈልጋችኋል። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ብዙ ሰው ሲሲውን፣ ማለትም የሞተሩን መጠን ብቻ አይቶ ይገዛል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ምን ያህል እንዲሸከም እንደተፈቀደለት ነው።

ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስን እንውሰድ። ነዳጁ ሞልቶ 249 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከነጭነቱ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 465 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 216 ኪሎ ነው፤ ብዙ ይመስላል። ሁለት ሰው ከነልብሱ፣ ከነሄልሜቱና ከነጫማው 160 ኪሎ ቢመዝን 56 ኪሎ ይቀራል። ከዚህ ላይ ባዶ ሻንጣዎቹን፣ የተሸከማቸውን ብረት፣ ድንኳኑን፣ ውሃውን፣ መፍቻውን ቀንሱ። ሳታውቁት ልኩን አልፋችኋል ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ሁለት ቀላል ሞተሮች ይዞ መሄድ ነው። ሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል 142 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለቱ ተደምረው 284 ኪሎ ይሆናሉ፤ ከአንዱ ትልቅ ሞተር ብዙም አይርቁም። ጭነቱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ዕቃ ፍለጋ ይሄዳል። ሁለታችሁም መንዳት የምትፈልጉ ከሆነና መንገዱ በአብዛኛው ኮረኮንች ከሆነ፣ እኔ ሳላመነታ ይሄንን እመርጣለሁ።

«ወንዱ ይነዳል፣ ሴቷ ትፈናጠጣለች»

ቴሬዛ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1934 ከለንደን ተነሱ። የያዙት 600 ሲሲ ፓንተር ሞተር ነበር፤ የጎን ጋሪና ተጎታች ተቀጥሎለታል። ሰሃራን አቋርጠው በሐምሌ 1935 ኬፕ ታውን ገቡ። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ ሳይመንና ሊሳ ቶማስ የተባሉት ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2003 ለረጅም ዓመታት ጉዞ ሲወጡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሞተር እየነዱ ነበር።

መፈናጠጥ የሚወድ ሰው ይፈናጠጥ፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ብቻ ማን እንደሚነዳ ሳትነጋገሩ አትወስኑ።

«ተፈናጣጭ ዝም ብሎ ይቀመጥ»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ተፈናጣጭ የሚቀመጠው ከኋላ ጎማው በላይ ወይም አጠገብ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊት ጎማው ይቀላል፤ መሪው እንደ ወትሮው አይታዘዝም። አሸዋ ላይ የፊት ጎማ መንሳፈፍ ሲጀምር ደግሞ ትንሽ እንቅስቃሴ እንኳ ለውጥ ታመጣለች። ስለዚህ ከኋላ ያለው ሰው ሥራ አለው።

ዳገት ላይ ወደ ነጂው ጠጋ ብሎ ክብደቱን ወደ ፊት ያመጣል። ቁልቁለት ላይ በእጁ ተደግፎ ራሱን ይይዛል፤ ካልሆነ ሙሉ ክብደቱ ነጂውን መሪው ላይ ይጭነዋል። በጭኑ አጥብቆ ይይዛል፣ በነጂው ትከሻ ላይ አሻግሮ መንገዱን ያያል። ጉድጓዱን አስቀድሞ ካየው ሰውነቱን ያዘጋጃል። ሳይናገር አይወጣም፣ ሳይናገር አይወርድም።

ደግሞም ይወርዳል! ጥልቅ አሸዋ፣ ወንዝ፣ ድንጋያማ ቁልቁለት ሲመጣ ተፈናጣጩ ወርዶ በእግሩ ይሂድ። ሽንፈት አይደለም። ሞተሩ በአንድ ጊዜ 60 ወይም 70 ኪሎ ይቀልለታል፤ ነጂው ቢወድቅ ደግሞ የሚረዳው ጤነኛ ሰው አጠገቡ አለ። እኛ ወንዝ ላይ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ባለቤቴ ጥልቀቱንና የሥሩን ድንጋይ በእግሯ ታያለች፣ እሷ «ይሆናል» ካላለች ሞተሩ ውሃ ውስጥ አይገባም። ውሃው ለእግረኛ የሚያስቸግር ከሆነ ለሞተርም አይሆንም።

ልብስም እንዲሁ ነው። ነጂው ውድ ቦት ጫማ ለብሶ ተፈናጣጩ በሸራ ጫማ የሚሄድበትን ጉዞ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። መሬቱ ለሁለቱም እኩል ነው የሚጠነክረው። ገንዘቡ ለሁለት ጥሩ ጫማ ካልበቃ፣ ጌጣጌጥ መብራቱ ይቅርና ጫማው ይገዛ።

«ቆሞ መንዳት ክብደትን ወደ ታች ያወርዳል»

ብዙ ልምድ ያለው ሰው ሳይቀር የሚለው ነገር ነው። ሰው ሲቆም ሰውነቱ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የነጂውና የሞተሩ የክብደት ማዕከል አብሮ ከፍ ይላል። ቆሞ መንዳት የሚጠቅመው በሌላ ምክንያት ነው። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እንደ ሞላ ይሠራሉ፣ ሞተሩ ከሥራችሁ እንደ ልቡ ይወዛወዛል፣ እናንተ ግን ሚዛናችሁን ትጠብቃላችሁ። ሩቅም ታያላችሁ።

ተፈናጣጭ ሲኖር ሁልጊዜ መቆም አይቻልም። አጭር ለሆነ ሸካራ ቦታ ሁለቱም በምልክት አብረው ከመቀመጫው ብድግ ማለት ይችላሉ። መጀመሪያ ግን ሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ ተለማመዱት።

«ከአስፋልት ስትወጣ ንፋሱን አስወጣ»

ብቻውን በቀላል ሞተር አሸዋ ላይ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ምክር ነው። ጎማው ይሰፋል፣ አሸዋውን በደንብ ይይዛል። ሁለት ሰውና ሻንጣ በጫነ ሞተር ድንጋይ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ንፋሱ ያነሰበት ጎማ ድንጋይ ሲመታ እስከ ቸርኬው ይጨፈለቃል፤ ቸርኬው ይጎብጣል፣ የውስጥ ጎማ ካለው ይቀደዳል። ለቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ አምራቹ ለሁለት ሰውና ለጭነት የሚያዘው የጎማ ንፋስ ከፊት 2.5፣ ከኋላ 2.9 ባር (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። ከዚያ በጥቂቱ ብቻ ቀንሱ፣ አሸዋው ሲያልቅ መልሳችሁ ሙሉ። ትንሽ ፓምፕ አትርሱ።

የኋላ ሞላውንም አጥብቁት። አንድ ሰው እንዲይዝ በተስተካከለ ሞላ ላይ ሁለት ሰው ሲወጣ ሞተሩ ከኋላ ቁጢጥ ይላል፣ መብራቱም ወደ ሰማይ ያያል።

«የብረት ሳጥን ነው የሚያስተማምነው»

ከሌባ ለመጠበቅ ይሻላል። ኮረኮንች ላይ ግን አደጋ አለው። ነጂው ሚዛን ሲስት እግሩን መሬት ያስነካል፣ ሞተሩ ግን ወደ ፊት መሄዱን አያቆምም። የሳጥኑ ጠርዝ ከኋላ መጥቶ እግሩን ይይዘዋል፤ ቅልጥም የሚሰበረው እንዲህ ነው። የጨርቅ ሻንጣ ይለሰልሳል፣ ሲወድቅም አይጣመምም። እኛ ከአንድ መጥፎ አወዳደቅ በኋላ ወደ ጨርቅ ዞርን፤ እግሬ የተረፈው በጫማው ነው። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ወደ መሃል ተጠግቶ ይታሰር።

«ጉልበት የሌለው ሰው የወደቀ ሞተር አያነሳም»

ብልሃት ነው የሚያነሳው። ሞተሩን አጥፉ። በቀኝ ከወደቀ የጎን ማቆሚያውን አስቀድማችሁ አውጡ። ማርሽ ውስጥ አስገቡት፣ እንዳይንሸራተት። ጀርባችሁን ለመቀመጫው ሰጥታችሁ፣ ወገባችሁን ሳታጎብጡ፣ በትንንሽ እርምጃ በእግራችሁ ግፉ። ሁለት ስትሆኑ አንዳችሁ መሪውን፣ አንዳችሁ የኋላውን ብረት ይያዝ፤ በቁጥር አብራችሁ ተነሱ።

«የሚያውቀው ለማያውቀው ያስተምራል»

ቢቻል ሌላ ሰው ያስተምር። ከአፍቃሪ የሚመጣ «ነዳጅ ስጪ!» የሚል ጩኸት ከአስተማሪ ሲመጣ አይመስልም።

«ልምድ ያለው ከፊት ይምራ»

በሁለት ሞተር ስትሄዱ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ይሻላል። ፈጣኑ ከፊት ከሆነ፣ ዘገም የሚለው ከኋላ ለመድረስ ሲል ከአቅሙ በላይ ይነዳል። አቧራውንም ይበላል። ፈጣኑ ቆሞ ሲጠብቅ ያርፋል፤ ኋለኛው ሲደርስ እንሂድ ይባላል። አንዱ አርፏል፣ ሌላው አላረፈም። ዘገምተኛው ከፊት ሲሆን ፍጥነቱ የሁለቱም ይሆናል። በጠባብና አስቸጋሪ ቦታ ፈጣኑ ቀድሞ መስመሩን ያሳይ፣ ከዚያ ቦታ ይቀያየሩ።

የሄልሜት መነጋገሪያ ለዚህ ጥሩ ነው። «ከብት አለ»፣ «ደክሞኛል»፣ «ጥላ ካየሽ እንቁም» ለማለት። አስቸጋሪው ቦታ ላይ ግን ሌላው ዝም ይበል፤ የሚነዳው ሰው ትንፋሹን ይስማ። እኛ አንዳችን «በቃ» ካልን ሌላው ምክንያት አይጠይቅም። ይቆማል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ውሃ ያወጣል። ምክንያቱ ውሃው ከተጠጣ በኋላ ይነገራል።